ሁለት ባልዲ፣ አራት ከረጢት፦ የጥንቱ የእሳት አደጋ ማኅበር ደንብ በቅሬ ዓይን

ደሴ ውስጥ ቤት ሲቃጠል ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። አንዱ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ አንዷ ነጠላዋን አገልድማ፣ ሌላው ባዶ እጁን። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሌሊት እንዲህ ሆነ። ሁሉም ወጣ፣ ሁሉም ጮኸ፣ ሁሉም ሮጠ። ቴሌቪዥኑ በመስኮት ተወርውሮ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ትራሱ ግን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ውኃ የሞላ በርሜል ማን ቤት እንዳለ እስኪታወቅ ኮርኒሱ ወረደ። ሲነጋ ደግሞ ከእሳቱ ከተረፈው ዕቃ ግማሹ የለም። እሳት አልበላውም፤ እግር አውጥቶ ሄዷል።

ያው ሰፈር ለቀብር ሲሆን ሌላ ሰፈር ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚያድር የታወቀ ነው። የቀረ ይቀጣል። ቅሬ ነዋ! ሌላ አገር ያላችሁ እድር የምትሉትን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው። ለሞተ ሰው ይህን ያህል ሥርዓት ያለን ሰዎች ለሚቃጠል ቤት ግን ከኡኡታ በቀር ምንም የለንም።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ አደረገኝ። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ነው እንጂ ሥራው አያጓጓም። አንድ ስብሰባ ላይ የእሳት ነገር ተነሳ። የቅሬው ዳኛ ወደኔ ዞረው፣ «አንተ ንባብ ትወዳለህ፤ ደንብ አርቅቀህ አምጣ» አሉኝ። እኔም የድሮ ከተሞች የእሳት አደጋ ማኅበር አባል ምን ግዴታ እንደነበረበት መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ነው እዚህ የምዘረግፈው።

ከሁሉም የገረመኝ በመቶ ዶላር ኖት ላይ ፎቶው ያለው ሰውዬ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን። ፊላደልፊያ የምትባል ከተማ ውስጥ ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ ነበረው። አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ሥር ነበረች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1736፣ እሱና ጓደኞቹ «ዩኒየን» የሚባል የእሳት አደጋ ማኅበር መሠረቱ። ፍራንክሊን ያኔ የ30 ዓመት ሰው ነው። ደመወዝ የለም፣ ዩኒፎርም የለም፣ መኪና የለም። ያላቸው በአንቀጽ በአንቀጽ የተከፋፈለ አንድ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት አንብቤ ስጨርስ «ይኼማ ቅሬ ነው!» አልኩ ብቻዬን። ስለዚህ እንደ ቅሬ ደንብ ልፍታላችሁ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ አባል በራሱ ወጪ ሁለት የቆዳ ባልዲና አራት ከረጢት ያዘጋጃል። ቆዳ የተባለው ፕላስቲክ ገና ስላልተፈጠረ ነው። የኛ አገር ስልቻ ዘመድ በሉት። ከረጢቱ ከወፍራም ጨርቅ ይሰፋል። ለአንዱ ቢያንስ አራት ያርድ ጨርቅ ይገባል፤ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል ማለት ነው። አፉ ላይ የሚሳብ ገመድ አለው። ባልዲውም ከረጢቱም ላይ የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላትና የማኅበሩ ምልክት ይጻፋል። ከዚያ ዋናው ነገር፦ ለእሳት ካልሆነ ለሌላ ለምንም አገልግሎት አይውልም። ልብስ አይታጠብበትም፣ እህል አይሰፈርበትም።

እዚህ ጋ አንባቢ «ባልዲው ገባኝ፤ ከረጢቱ ለምን? ያውም ከባልዲው እጥፍ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብዙ አሰብኩበት። መልሱ በዚያ ዘመን እሳትን ማጥፋት ብዙ ጊዜ እንደማይቻል መታመኑ ነው። በእጅ የሚገፋ የውኃ ፓምፕ ነበር፤ ግን ጥቂት ነው። ውኃው በሰው እጅ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ነው የሚደርሰው። የተያያዘውን ቤት ብዙ ጊዜ ይተውታል። የሚተርፈው በውስጡ ያለው ዕቃ፣ በጎኑ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ የአባሉ የመጀመሪያ ሥራ በከረጢት ዕቃ መሸከም ነበር። ደንቡ «እሳቱን አጥፉ» ብሎ አይጀምርም። «ባልዲና ከረጢታችሁን ይዛችሁ ሩጡ፤ የአባሉን ንብረት ከረጢት ውስጥ ክተቱ» ነው የሚለው። ሁለት አባላት ቤት በአንድ ጊዜ እሳት ቢመጣ፣ ለሁለቱም እኩል እንዲደርሱ ይከፈላሉ።

አሁን በጣም የወደድኩት ክፍል። ከአባላቱ ሁለቱ ምንም ዕቃ አይነኩም። በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የሚያጠራጥር ሰው እንዳይገባ፣ የገባውም ዕቃ ይዞ እንዳይወጣ። የዳነው ዕቃ የተገኙት አባላት ወደሚመርጡት ቦታ ይወሰዳል። እዚያም አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሰው፣ ባለቤቱ እስኪረከብ ድረስ አጠገቡ አይለይም።

ይህን ሳነብ የልጅነቴ ሌሊት ትዝ አለኝ። የሰፈራችን ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። በሩ ላይ የሚቆም ስላልነበረ ነው። ሰው ሁሉ ጀግና መሆን ይፈልጋል፤ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ቁምሳጥን ይሸከማል። በር ላይ መቆም ጀግና አያሰኝም። እንዲያውም «ሰው ይቃጠላል እሱ ቆሞ ያያል» ያስብላል። ለዚህ ነው በደንብ መጻፍ ያለበት። የተጻፈ ግዴታ ሲሆን የቆመው ሰው አያፍርም።

ቅጣቱን እንይ። ገንዘቡ ሺሊንግ ነው፤ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነው። ወርኃዊ ስብሰባ የቀረ አንድ ሺሊንግ ይቀጣል። ባልዲ ወይም ከረጢት የጎደለበት ለእያንዳንዱ አምስት ሺሊንግ። የአባላት ስም ዝርዝር የሌለው ስድስት ፔንስ። ቁጥሩን ስታዩት የሚናገረው ነገር አለ። አንድ ባልዲ ማጉደል አምስት ስብሰባ ከመቅረት እኩል ነው። ስብሰባ ላይ አፍህን ይዘህ መምጣት ቀላል ነው፤ ቤትህ ውስጥ ባልዲ ሰቅሎ ማቆየት ከባድ ነው። የኛ ቅሬዎች ብዙ ጊዜ የሚቀጡት የቀረን ሰው ነው። እነሱ አብልጠው የቀጡት ያልተዘጋጀን ነው። የቅጣቱ ገንዘብ ወደ ጋራ ካዝና ይገባል። ፍራንክሊን አርጅቶ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚነግረን፣ በዚህ ገንዘብ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ፣ መሰላልና ሜንጦ ይገዛ ነበር። አልቀጣም ያለ ግን ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። በቃ።

አንድ ፍትሐዊ ነገርም አለ። ባልዲህ እሳት ላይ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ፣ የሚተካው ከማኅበሩ ነው። ቤትህ ተቀምጦ ከጠፋ ያንተ ጥፋት ነው፤ ሥራ ላይ ከጠፋ የሁላችንም። ይህች አንቀጽ ከሌለች ሰው አሮጌውን ባልዲ ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለ ዝርዝሩ ትንሽ ልበል። እያንዳንዱ አባል የሁሉንም ስም የያዘ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱን ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ ያሳያል። ሌላው ባልዲው በተሰቀለበት፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ሌሊት ደንግጠህ ስትነሳ ማን ከጎንህ እንደሚሆን ባልዲውን ስታነሳ ታነበዋለህ። በስልክ ዘመን ይህ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ስልክህ ግን በእሳቱ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊነቱ ተራ ነው። ስሙን መጀመሪያ የፈረመ ለአንድ ወር ያገለግላል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ እንዲህ እየዞረ። የወሩ ጸሐፊ የያንዳንዱን አባል ባልዲና ከረጢት እየዞረ ያያል፤ በስብሰባ ላይ ሪፖርት ያቀርባል፤ ቅጣት ይሰበስባል። ይህን ሳነብ ቀናሁ። እኛ ዘንድ ጸሐፊ አንዴ ከተመረጠ እስኪሸብት ነው።

የአባላቱ ቁጥር ከ25 እንዳይበልጥ ተወስኗል። አዲስ አባል ለማስገባትም ሆነ ደንቡን ለመቀየር የጠቅላላው ሦስት አራተኛ መስማማት አለበት። ያውም ሐሳቡ በቀረበበት ስብሰባ አይወሰንም፤ ለሚቀጥለው ወር ይቆያል። በስሜት እንዳይወሰን መሆኑ ነው። ሌሎች «እኛንም አስገቡን» ሲሉ «የራሳችሁን መሥርቱ» ይባሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ፊላደልፊያ ውስጥ ማኅበሩ በማኅበር ላይ በዛ። አንድ ሺህ ሰው የተመዘገበበት ማኅበር ሌሊት ሲጠራ ሁሉም «ሌላው ይሄዳል» ይላል። ሃያ አምስት ሲሆኑ የቀረው ሰው ፊቱ ይታወቃል።

አንድ የሚያስቅ አንቀጽ አለ። ሥራ የሚጀመረው ከተቀጠረው ሰዓት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው ይላል። አዎ፣ ተጽፎ! እኛ የሐበሻ ቀጠሮ እያልን ራሳችንን ስንወቅስ ኖረናል፤ ፈረንጆቹ በአንቀጽ አጽድቀውታል።

የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ግን አልሳቅኩም። አባል ከሞተ፣ ሚስቱ ሳታገባ እስከቆየች ድረስ፣ ባሏ በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ እሳት ሲመጣ ይደርሱላታል። ከሷ የሚጠበቀው ባልዲውንና ከረጢቱን መጠበቅ ብቻ ነው። የኛ ቅሬ ባል የሞተባትን ከመዝገብ አይፍቅም አይደል? ይኸው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ውቅያኖስ ማዶም እንዲሁ ነበር።

ሕጉ ከማኅበሩ በፊት በሰውየው ራስ ውስጥ ነበር። ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት፣ በ1735፣ ፍራንክሊን የሽማግሌ መልክ ይዞ በራሱ ጋዜጣ ላይ ምክር አወጣ። ከምክሩ አንዱ ፍምን በአካፋ ሞልቶ ከክፍል ወደ ክፍል ወይም በደረጃ ስለመውሰድ ነው። ብናኙ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይወድቅና እስከ እኩለ ሌሊት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል አለ። ክዳን ባለው ዕቃ ውሰዱ። የኔ አያት ጋዜጣ ሳታነብ ይህን ታውቀው ነበር። እሳት ለመጫር ወደ ጎረቤት የምትልከኝ ገል አስይዛ፣ አመድ አልብሳ ነበር። «ነፋስ ካለ ቁም፤ አትሩጥ» ትለኛለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድ ሮሞች አሉ። ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በ6 ዓ.ም. ገደማ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሌሊት ዘበኞች ጦር አቋቋመ። ሰባት ክፍለ ጦር ነበር። ከተማዋ አሥራ አራት ቀበሌ ስላላት አንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ይጠብቃል። አብዛኞቹ ነፃ የወጡ ባሮች ነበሩ። በኋላ በወጣ ሕግ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሙሉ ዜግነት ያገኝ ነበር። ሥራቸው ሌሊቱን መዞር፣ እሳት ማጥፋት፣ ሌባም መያዝ ነው። የሮም ሕግ መጻሕፍት ስለ አለቃቸው ያስቀመጡት ግዴታ ይገርማል፦ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ ሜንጦና መጥረቢያ ከያዙት ጋር ይዞራል፤ እና ጫማ አድርጎ መሆን አለበት። ጫማው ለምን ሕግ ውስጥ ገባ? ባዶ እግሩን ያለ አለቃ ፍርስራሽ ላይ አይወጣም፤ ጫማ ሲፈልግ ደግሞ ቤት ያልቃል። ተከራዩም ግዴታ አለበት። ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ውኃ እንዲያስቀምጥ አለቃው ያስጠነቅቃል። እሳትን በቸልተኝነት የያዘ ሰው ይገረፋል፤ ምሕረት ካገኘ ደግሞ በብርቱ ማስጠንቀቂያ ይታለፋል።

ሜንጦው ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ጣሪያና ግድግዳ መጎተቻ ነው። እሳቱ የሚሄድበትን መንገድ ለመቁረጥ አጠገቡ ያለውን ያፈርሳሉ። ጥሩ ጎረቤትህ ቤትህን ሲያፈርስ ማየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ማን አፍርሱ ይላል?» የሚለው ጥያቄ ከውኃው በፊት መመለስ አለበት።

ከሮም ሳልወጣ አንድ ታሪክ ልጨምር። በ110 ዓ.ም. ገደማ ፕሊኒ የሚባል ገዥ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ኒቆሜዲያ ትልቅ ቃጠሎ መድረሱን ሰማ። ሰው ቆሞ ይመለከታል፤ ባልዲ የለ፣ ፓምፕ የለ። ለንጉሠ ነገሥት ትራያን ጻፈ፦ 150 ሰው ብቻ ያለው የእሳት ማኅበር ላቋቁም ወይ? ትራያን እምቢ አለ። ሰዎች በማንኛውም ስም ቢሰባሰቡ ውሎ አድሮ የፖለቲካ ማኅበር ይሆናሉ ብሎ ፈራ። ዕቃውን ብቻ አዘጋጅ፤ ባለቤቶቹ ያጥፉ፤ ካስፈለገ የተሰበሰበው ሰው ያግዝ አለው። ዕቃ ያለ ማኅበር ምን ይጠቅማል? ባልዲ ለብቻው አይሮጥም። ማኅበር ሲሰማ የሚደነግጥ ባለሥልጣን ዛሬ የተፈለሰፈ አለመሆኑን ግን ይነግረናል።

ከዚያ ዘልለን ኤድንብራ እንግባ፤ የስኮትላንድ ከተማ ናት። በ1824 ጄምስ ብሬይድዉድ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ከተማዋ ያቋቋመችውን የእሳት አደጋ ቡድን መራ። ሰው ሲመርጥ ጉልበት ብቻ አላየም። ጣሪያ የሚያለብሱ፣ አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ የቧንቧ ሠራተኞችና ቀጥቃጮች መረጠ። ጣሪያ የሚያለብስ ሰው ከፍታ ላይ አይደነግጥም። ግንበኛና አናጢ የትኛው ግድግዳ ሊወድቅ እንደሆነ ያውቃል። ቀጥቃጭና የቧንቧ ሠራተኛ ፓምፑ ሲበላሽ ይጠግናል። ሌላው ያመጣው ነገር ውኃን ከሩቅ ከመርጨት ይልቅ እስከ እሳቱ ሥር መግባት ነው። ለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሳይነጋ ቀስቅሶ ያለማምዳቸው ነበር። ኋላ ለንደን ሄዶ አለቃ ሆነ። በ1861 በአንድ ትልቅ ቃጠሎ ላይ ሰዎቹ መሐል ቆሞ ሳለ ግድግዳ ወድቆበት ሞተ።

የበጎ ፈቃድ ማኅበራቱ መጨረሻ ሁልጊዜ ያማረ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ማኅበራቱ እየበዙ ሲሄዱ እሳት ትተው እርስ በርስ መደባደብ ጀመሩ። ማን ቀድሞ ውኃ ይያዝ ነው ጠቡ። ቤት እየነደደ ቡጢ። ሲንሲናቲ በ1853 በደመወዝ የሚሠራና በእንፋሎት ፓምፕ የታጠቀ ቡድን አቋቋመች። ፍራንክሊን የጀመረባት ፊላደልፊያ ራሷ በ1871 ወደ ደመወዝተኛ ተዛወረች። እኛ ይህን ለመድገም ሩቅ ነን፤ ገና ባልዲም የለን።

አሁን ወደ ደሴ። ከተማችን ከጦሳ ሥር ተለጥፋ፣ ቁልቁለትና ዳገት ላይ ተዘርግታ ነው የተሠራችው። አስፋልቱን ከለቀቅህ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ ደረጃ፤ ከዚያ አህያ የምታልፍበት። መኪናው ቢመጣ እንኳ ሰፈሩ አፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። ቤቶቹ አብዛኛው እንጨትና ጭቃ፣ ላዩ ቆርቆሮ ነው። ተደጋግፈው የቆሙ ስለሆኑ አንዱ ኮርኒስ ውስጥ የገባ እሳት በጣሪያው ሥር ተሰልፎ ሦስተኛው ቤት ይወጣል። ደሴ እሳትን አታውቅም አይባልም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ሲያዘንቡባት የሣር ክዳን ቤቶቿ ነደዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ የሚያቃጥለን ግን ከሰል፣ ሻማ፣ የላላ ገመድ፣ አንድ ሶኬት ላይ የተደረደረ ምጣድና ምድጃ ነው።

ስለዚህ ረቂቁን ስጽፍ ከነዚህ ሁሉ ለኛ የሚሆነውን ለየሁ። ከሮም ውኃውን ወሰድኩ፦ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉም ቤት አንድ በርሜል ወይም ሮቶ ጭራሽ ባዶ እንዳይሆን። ጀሪካን ለመቀባበል ግማሹን ብቻ ሙሉ አልኩ። ሙሉው 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው፤ ዳገት ላይ ሦስተኛው ሰው እጅ ላይ ይቆማል። ሰልፉ ሁለት ይሁን፤ በአንዱ የሞላው ይወጣል፣ በሌላው ባዶው ይወርዳል። ከኤድንብራ ሙያውን ወሰድኩ፦ ቆጣሪ ላይ መብራት የሚያጠፋው ሰፈራችን ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቆርቆሮ ገንጥሉ የሚለው ግንበኛው ነው። መብራት ሳይጠፋ ውኃ የሚደፋ የለም። የዘይት ድስት ከነደደ ውኃ ክልክል ነው፤ ውኃው ወደ እንፋሎት ሲቀየር ዘይቱን ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍቶ ክዳን መድፋት ነው። ጭስ የሞላው ቤት ውስጥ ለዕቃ ብሎ የሚገባ የለም። ሰውን ቀድሞ የሚጥለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር የጭሱን መርዝ አያስቀርም። ውስጥ የተያዘ ሰው መሬት ለመሬት በእምብርክክ ይውጣ፤ ንጹሑ አየር ያለው ታች ነው። ሲወጣ በሩን ይዝጋው፤ እሳት አየር ካጣ ይዳከማል። እና በእርግጥ መኪናው ይጠራል፤ አንድ ሰው ተመድቦ አስፋልቱ ላይ ቆሞ መንገድ ያሳያል።

ረቂቁን ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ሦስተኛው ቡና ላይ፣ በረካው ሲቀዳ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የፊላደልፊያውን መጀመሪያ ሳነብ አንድ ሸህ ሳቁ። «የኛን ደንብ ማን ነው ሰርቆ አሜሪካ የወሰደው?» አሉ። አንድ ቄስ ደግሞ የባል የሞተባትን አንቀጽ ድገምልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ከረጢቱን በጆንያ ቀየርነው፤ ርካሽም ነው፣ ቤት ሁሉ አለ። ክርክር የተነሳው በር ላይ በሚቆሙት ላይ ነው። እኔ «ሁለት ጎረምሳ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አንዲት እትዬ ከጓዳ በኩል ተነሱ። «ጎረምሳው ምኑን ያውቃል? የማን ብርድ ልብስ የማን እንደሆነ፣ የማን ድስት የማን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። በሩ ላይ ሴት ትቁም» አሉ። አንድም መልስ አልተገኘም። ጎረምሳውን ሰርዤ ጻፍኩ።

ጥሪውም ተነጋገርንበት። የቅሬ ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላ ለማዘቅዘቅ ነው የሚነሳው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለእሳት ፊሽካ ይሁን ተባለ፤ ሳይቋረጥ የሚነፋ። የአንድ ሰዓት መዘግየቷ አንቀጽ ለስብሰባ ብቻ እንድትሠራ፣ ለእሳት እንዳትሠራ ተብሎ በሙሉ ድምፅ አለፈች። በፍጥነት የጸደቀች ብቸኛ አንቀጽ እሷ ናት።

ጸሐፊ በየወሩ ይዙር የሚለው ግን ወደቀ። ስለዚህ የመጀመሪያውን የባልዲ ቁጥጥር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከበላይ ጀመርኩ። አንድ ቤት ባልዲው በር ሥር ተሰቅሏል፤ ስም ተጽፎበታል፤ ተመሰገኑ። ሁለተኛው ቤት ልብስ ተዘፍዝፎበታል። ሦስተኛው ጋ ለጠላ የሚሆን ብቅል ተነክሮበታል፤ የቤቱ እመቤት «እሳት ዛሬ አይነሳም ብዬ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም በመዝገብ አሰፈርኩ። አመሻሽ ላይ ደክሞኝ ቤቴ ገባሁና ውኃ ልጠጣ ጓዳ ስገባ፣ ስሜ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ባልዲ ውስጥ ለነገ ሽሮ የሚሆን ባቄላ ተነክሯል። መዝገቡን መልሼ አወጣሁ።